የረሃብ መልእክተኛና የጓያ መርዝ

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ወደ ይፋት የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የገብስና የባቄላ አገር ተነሥቶ ብዙ ሰዓት ሳይፈጅበት 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህች አጭር ቁልቁለት ውስጥ አየሩም እህሉም ይለወጣል። ከታች ያለው ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ነው፤ ከላይ ያለው ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ነው። ጓያ የቆላው ማሳ ሰብል አይደለም። እርሱ የሚወደው እንደ ሞረትና ጅሩ ያለውን የዋልካ ሜዳ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ሆኖም ተከክቶ፣ ተፈጭቶና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ተቀላቅሎ ሽሮ ከሆነ በኋላ የትውልድ አገሩን የሚጠይቀው የለም፤ መኪና ወደሚደርስበት ገበያ ሁሉ ይደርሳል።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከጨጓራ የሚመነጭ ሆርሞን የአንጎልን ሕዋሳት ከኦክስጅን ጉዳት ይጠብቃል ስለሚባለው ግኝት ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩን ከለንደንና ከኦሳካ ቤተ ሙከራ ጀምሬ እዚያው ልጨርሰው አልወደድሁም። የነርቭ ሕዋስ በኦክስጅን ምክንያት መጎዳቱ በአገራችን በአጉሊ መነጽር ሥር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በምርኩዝ ተደግፎ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ታሪኮች፣ የሆርሞኑንና የጓያውን፣ ጎን ለጎን አስኬዳቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆርሞን ታሪክ ራሱ የተጀመረው ከአንጀት ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ የሆድ ዕቃ ሥራ ሁሉ በነርቭ ብቻ ይታዘዛል ተብሎ ይታመን ነበር፤ የዚህ አስተሳሰብ ታላቅ መምህር ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነበር። በ1902 ግን ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት የለንደን ጠበብት፣ ነርቩ የተቆረጠበት የውሻ አንጀት ውስጥ አሲድ ሲጨምሩ ቆሽት ጭማቂውን ማፍሰሱን እንዳልተወ ተመለከቱ። በነርቭ የሚሄድ ትእዛዝ ካልነበረ ትእዛዙ የሄደው በደም መሆን አለበት። መልእክተኛውን ሴክሬቲን ብለው ሰየሙት፤ በ1905 ደግሞ ስታርሊንግ እንዲህ ላለው መልእክተኛ ሁሉ ሆርሞን የሚለውን ስም ሰጠ። ሆድ ለጎረቤቱ ለቆሽት መልእክት እንደሚልክ እንዲህ ታወቀ። ለአንጎልም እንደሚልክ፣ አንጎልም መልእክቱን ተቀብሎ እንደሚታዘዝ ለማሳመን ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጀ።

ዛሬ የረሃብ ሆርሞን እየተባለ የሚጠራው ግሬሊን የተገኘበት መንገድ ከተለመደው በተቃራኒ ነው። በ1996 ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ አንድ መልእክት ተቀባይ አካል ለይተው ነበር፤ ይኸውም ቁልፉ ያልታወቀ የበር ቀዳዳ እንደማለት ነው። ቀዳዳው አንጎል ውስጥ ስለሆነ ቁልፉም እዚያው አካባቢ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በጃፓን የኦሳካ ተመራማሪዎች የሆኑት ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ግን በ1999 ከአይጥ ጨጓራ አወጡት። ግሬሊን 28 አሚኖ አሲዶች የተሰደሩበት አነስተኛ ፕሮቲን ነው፤ ከሦስተኛው አሚኖ አሲድ ላይ አንዲት የስብ ቅንጣት ተጣብቃበታለች። ያቺ ቅንጣት ከሌለች ቁልፉ ቀዳዳውን አይከፍትም። የሆርሞኑ መጠን ሰው ሳይበላ ሲቆይ ከፍ ይላል፤ ከበላ በኋላ ዝቅ ይላል። ስለዚች የስብ ቅንጣት ከዚህ በታች እንደገና ስለምናገር አንባቢዬ እንዳይረሳት አደራ እላለሁ።

የአንጎል ክብደት ከመላው ሰውነት 2 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ኦክስጅን ወደ ኃይል የሚለውጡት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ማይቶኮንድሪያ የተባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ናቸው። ምድጃ ሲነድ ብልጭታ መወርወሩ አይቀርም፤ እነዚህም ምድጃዎች ከሥራቸው ጋር በየጊዜው ያልረጋ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ የኦክስጅን ውላጅ ያመነጫሉ። ይህ ውላጅ የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና የዘር ቅንጣት ያበላሻል። ሌላው ሕዋስ ቢሞት በብዙ ቦታ ምትክ ይወለድለታል፤ እግርን የሚያዝዝ የነርቭ ሕዋስ ግን ከሞተ ምትክ የለውም። ስለዚህ ሕዋሱ ብልጭታውን የሚያጠፋበት ውኃ በቅርብ ማኖር አለበት። ከነዚህ ማጥፊያዎች ዋናው ግሉታታዮን ይባላል። ግሉታታዮን ከሦስት አሚኖ አሲዶች ይሠራል፤ ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሲስቲን የተባለው ሰልፈር ያለበት ነው። ሰውነት ሲስቲንን ከምግብ ያገኛል፣ ወይም ሜቲዮኒን ከተባለው ሌላ ሰልፈር አዘል አሚኖ አሲድ ይሠራዋል፤ ሜቲዮኒን ግን ከምግብ ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

አሁን ወደ ግሬሊን ስንመለስ፣ በ2009 ዜን አንድሪውስ፣ ታማስ ሆርቫትና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ብዙ ሰው አነጋግሯል። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ላይ የፓርኪንሰንን በሽታ የሚመስል ጉዳት የሚያደርስ መርዝ ሰጡ። ግሬሊን የተጨመረላቸው አይጦች ሕዋሳታቸው በብዛት ተረፉ፤ ግሬሊን በተፈጥሮ እንዳይኖራቸው የተደረጉት ደግሞ የባሰ ጉዳት ደረሰባቸው። ሆርሞኑ ሕዋሳቱን የጠበቀው ማይቶኮንድሪያዎቹ በርከት ብለው፣ እሳታቸውም ብልጭታ ሳያበዛ እንዲነድ በማድረግ ነበር። በ2016 ከዚያው ወገን የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምግባቸው የተቀነሰባቸው አይጦች ከመርዙ የሚጠበቁት በዚሁ በግሬሊን አማካይነት መሆኑን አሳየ። እንግዲህ በአይጥ ዘንድ ረሃብ ራሱ ወደ አንጎል የጥበቃ መልእክት ይልካል ማለት ነው።

ነገሩ ያማረ ነው። ከያማረ ነገር ደግሞ ሰው ፈጥኖ ትምህርት ያወጣል። በይፋት ክርስቲያኑ ጾሙን፣ ሙስሊሙ ረመዳኑን ጎን ለጎን ይጾማሉ፤ ጾም አንጎልን ያድሳል የሚለውን አዲስ ወሬ ሁለቱም ወገን በደስታ ይሰማል። እኔም በጾም ላይ ክርክር የለኝም። ይሁን እንጂ በአገራችን የተመዘገበው የነርቭ በሽታ ታሪክ አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠይቀናል። ረሃብ ለአንጎል የጥበቃ መልእክት የሚልክ ከሆነ፣ ጓያ ሰውን ሽባ የሚያደርገው ስለምን በረሃብ ዘመን ብቻ ነው?

ጓያን መውቀስ ቀላል ነው፤ ማመስገንም ይገባል። ድርቁን ይችላል፣ ውኃ የተኛበትን መሬት ይችላል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ተባይም እምብዛም አይደፍረውም። ከሌሎች ጥራጥሬዎች በርካሽ ይሸጣል። በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ለዚህም ነው ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት ጓያ ብቻውን በማሳ ላይ ቆሞ የሚገኘው፤ ድኻውም ሌላ ስለሌለው ብቻ ሳይሆን ጓያ ታማኝ ስለሆነ ይበላዋል። በደህና ዓመት ከሌላው ምግብ ጋር ጥቂት ጥቂት ሲበላ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው የዕለት ምግብ ሲሶውና ከዚያ በላይ የሚሆነው ከጓያ ብቻ ሲሆንና ይህም ለሁለት ለሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቀን በድንገት፣ ብዙ ጊዜም ከከባድ ሥራ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ፣ እግር ይከብዳል፤ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ባት ይወጠራል። በሽተኛው በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹን እንደ መቀስ እያጋጨ ይራመዳል። ቀላሉ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፤ የጠናበት በአንድ ምርኩዝ፣ የባሰበት በሁለት፣ ከዚያም የከፋበት በእጁ ይድሃል። አእምሮው ግን እንደ ነበረ ነው፤ የሰውነቱ ስሜትም አይጠፋም። ዕድሜውም አያጥርም፤ ይህም ማለት በ12 ዓመቱ የተያዘ ልጅ እስከ ሽምግልናው ድረስ እንዲሁ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1671 በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት በዳቦ እንዳይገባ አግዶ ነበር። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ፣ ማድሪድ በጦርነት በተራበች ጊዜ በ1811 እና በ1812 ሰዎች በጓያ ገንፎ ዙሪያ ተሰብስበው አንዲት ሴት መሬት ላይ ተዘርራ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል፤ ርእሱም ለጓያ ምስጋና የሚያቀርብ ነው። በ1873 ጣሊያናዊው ሐኪም ካንታኒ በሽታውን ላቲሪዝም ብሎ ሰየመው። በሕንድ በየረሃቡ ዘመን ብዙ ሺህ ሰው ተጎድቶበታል፤ መንግሥቱም በ1961 ሽያጩን ከልክሎ ነበር፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም።

ከዚህ ሁሉ ልብ የሚነካው የቫፕንያርካ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 መጨረሻ፣ ሮማንያ በያዘችው የዩክሬን ምድር በሚገኘው በዚህ የእስር ሰፈር ውስጥ ለታጎሩ ከሺህ በላይ አይሁዳውያን በየቀኑ 400 ግራም ያህል የጓያ ፍሬ ከጥቂት ክፉ ዳቦ ጋር ይሰጣቸው ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ተሳሰረ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር የበሽታውን ምንነት ከምግቡ ጋር አገናኝቶ አወቀ፤ ምግቡም እንዲለወጥ ተከራከረ። ከጦርነቱም በኋላ በእስራኤል አገር ሆኖ የነዚያኑ ሰዎች ሁኔታ ለብዙ ዓመታት ሲከታተል ኖሯል። አንድ ሐኪም ከበሽተኞቹ ጋር ከአንድ ድስት እየበላ ያደረገው ምርመራ በመሆኑ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ የሚገባው ይመስለኛል።

በአገራችን ዘመናዊው የጓያ ጥናት የሚጀምረው ከደንቢያ ነው። በ1976 እና በ1977 በጣና ሐይቅ ሰሜን በሚገኘው በዚህ አገር የበሽታው ወረርሽኝ ተነሣ፤ የጥናቱም ውጤት በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በሽተኞችን ቆጠሩ፤ ጥናቱም በ1990 በዓለም አቀፍ መጽሔት ወጣ። በዚያ ዘመን የነርቭ ሐኪም በጣት በሚቆጠርባት አገር፣ የነርቭ በሽታን ከሆስፒታል በር ላይ ሳይጠብቁ ወደ ገበሬው ደጅ ወርዶ መፈለግ ትልቅ እርምጃ ነበር። ወደ ሆስፒታል የሚመጣውማ መሄድ የሚችለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ወረርሽኝ በወሎ ደላንታ ዳውንት በ1995 እና በ1997 መካከል የደረሰው ነው። ሌላው ሰብል በጠፋ ጊዜ ጓያው ቀረ፤ ሕዝቡም እርሱን በላ፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሽባ ሆነ። ወረርሽኙን ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳና ከቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከፈርናንድ ላምባይን ጋር ሆነው በ1999 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓለም አስታወቁ። ይበልጥ የተጠቁት ወንዶች፣ ከነርሱም በ10 እና በ14 ዓመት መካከል ያሉት ልጆች ነበሩ። ለምን ወንድ ልጅ? ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን እረኛን ሳስብ ነገሩ ብዙም አይደንቀኝም። እረኛ እሸቱን ከማሳው ይቀጥፋል፤ ቆሎውን በኪሱ ይይዛል፤ ወጥና እንጀራ የሚያገኘው ማታ ቤቱ ሲገባ ነው፤ ያውም ካለ። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ከብት ተከትሎ ይሮጣል።

በየአገሩ ሕዝቡ ጓያ ሰውን እንደሚሰብር አያጣውም፤ ከጥንት ያውቀዋል። የሚለያየው በምን መንገድ እንደሚሰብር ነው። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚል አለ፤ በማሳው ውስጥ ማለፍ፣ በገለባው ላይ መተኛት ነው የሚልም አለ። ይህን እምነት ሰምቶ መሳቅ አይገባም። እንፋሎቱን የፈራች እናት ድስቱን ከደጅ አውጥታ ትቀቅላለች፤ ልጆቿን ከእሳቱ ታርቃለች፤ ከዚያም የተጠነቀቀችበትን ንፍሮ በሳህን አድርጋ ታቀርብላቸዋለች። ጥንቃቄዋ ከልብ ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ብቻ ነው። የጤና ባለሙያ ሥራም ያን ጥንቃቄ ማጥላላት ሳይሆን ከእንፋሎቱ ወደ ሳህኑ ማዛወር ነው።

መርዙ ተለይቶ የታወቀው በ1964 በሕንድ ጠበብት እጅ ነው። በአጭር ስሙ ኦዳፕ ይባላል፤ በጓያ ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ፕሮቲን የማይሠራበት አሚኖ አሲድ ነው። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ጓያና ኦዳፕ በተመገቡ ዝንጀሮዎች ላይ የበሽታውን ምልክት አሳዩ። ኦዳፕ የሚጎዳው በሁለት በኩል እንደሆነ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አመለከቱ። በአንድ በኩል ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገርበትን ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚመስል፣ የእርሱን ቦታ ይዞ ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰ ሕዋስ ምድጃው ይግማል፤ ብልጭታው ይበዛል። በሌላ በኩል ሲስቲን ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን በር ይሻማል፤ በዚህም ግሉታታዮን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ይቀንሳል። በአንድ እጁ እሳቱን ያራግባል፤ በሌላው ውኃውን ይደፋል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ የጓያ ፍሬ ራሱ ሌላ ጉድለት ይጨምርበታል። ጓያ በፕሮቲን ቢበለጽግም ሰልፈር አዘል የሆኑት አሚኖ አሲዶች፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን፣ በውስጡ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለወራት ጓያን ብቻ የበላ ሰው መርዙን ከነማርከሻው እጥረት አብሮ በልቷል።

የደላንታው ጥናት ለእኔ ትልቁ ፍሬው ከዚህ ጋር የሚገጥመው ነው። ዶክተር ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው በ2003 እና በ2005 ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ከአንድ አገር ሰዎች መካከል የታመሙትንና ያልታመሙትን አመጋገብ አነጻጸሩ። ጓያን በእሸትነቱ፣ በቆሎነቱና በንፍሮነቱ የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላቱ ግን ከበሽታው ጋር ግንኙነት አልታየበትም። ጓያን በሰልፈር አዘል አሚኖ አሲድ ከበለጸጉ እህሎች ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ እንዲሁም እንደ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ የኦክስጅንን ጉዳት የሚከላከሉ ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር የበሉት፣ ሥጋታቸው እስከ አራት እጥፍ ያነሰ ነበር። አስቀድሞ በ2002 የወጣው ጽሑፍ ደግሞ በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤቶች ይበልጥ እንደተጠቁ አመልክቶ ነበር፤ ከሸክላው አፈር የሚወጣ ብረት የኦክስጅኑን ጉዳት ያባብሳል የሚል ጥርጣሬም ቀርቧል። የሸክላ ድስታችንን የሚወድ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ይህን በደስታ አያነብም።

የዚህ ግኝት ክብደት እንዳይሰወርብን። አንድ ገበሬ እህል ጨምሮ ያጋገረው እንጀራ፣ አንዲት እናት ሽንኩርት የጨመረችበት ሽሮ፣ የነርቭ ሕዋስን ከኦክስጅን ጉዳት ሲጠብቅ በሰው ላይ፣ ያውም በእኛ ሰው ላይ ታየ። ከአይጥ አልመጣም፤ ከቤተ ሙከራ ሳህንም አልመጣም።

ከዚህ ተነሥተን ቀደም ሲል የተውነውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ምግብ የተቀነሰባቸው የቤተ ሙከራ አይጦች የተቀነሰባቸው ብዛቱ ነው፤ ፕሮቲኑ፣ ቪታሚኑና ማዕድኑ ግን እንዳይጓደልባቸው ተመዝኖ ይሰጣቸዋል። የጥበቃ መልእክቱ ሲደርስ ሕዋሱ መልእክቱን የሚፈጽምበት ዕቃ በእጁ አለ። በረሃብ ዘመን ጓያ የሚበላው ልጅ ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሆዱን በብዛት ሊሞላው ይችላል፤ የጎደለው ዓይነቱ ነው። የጾመኛም ነገር እንዲሁ ነው። ጾመኛ ማለት ማታ የሚያፈርስበት ያለው ሰው ነው፤ የተራበ ግን የሚያፈርስበት የለውም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት በቋንቋም በሕክምናም ስሕተት ነው።

አደራ ያልኋት የስብ ቅንጣትም የምትታወሰው እዚህ ላይ ነው። በ2008 ቅንጣቷን ከግሬሊን ላይ የሚያጣብቀው ኢንዛይም ተለይቶ ታወቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኢንዛይሙ የሚጠቀምበት ስብ ከሚበላው ምግብ እንደሚመጣ በአይጦች ላይ ታየ። በዚያው በ2008 ከሁለት ቀን ተኩል በላይ ምንም ሳይበሉ በቆዩ ጤናማ ወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጠቅላላው ግሬሊን ብዙ ሳይለወጥ ቅንጣቷን የያዘው፣ ቀዳዳውን የሚከፍተው ዓይነት ግን ቀንሶ ተገኘ። የረሃብ መልእክተኛ የተባለው ሆርሞን ረሃቡ ሲረዝም ማኅተሙን ያጣል ማለት ነው። እንግዲህ ሆድ ለአንጎል የሚልከው የጥበቃ መልእክት የድኻው ጋሻ ነው ብሎ መስበክ አይቻልም።

ይህን የምለው የሆርሞኑን ምርምር ለማቃለል አይደለም። ከአንጀት የሚመነጨው ሌላው ሆርሞን፣ ጂ ኤል ፒ አንድ የተባለው፣ በስኳር በሽታ ሕክምና ያስገኘው ውጤት የታወቀ ነው፤ ነርቭንም ይጠብቃል የሚለው ተስፋ ከ2002 ገደማ ጀምሮ በሕዋስና በእንስሳት ጥናት ሲደገፍ ቆይቷል። በ2017 ኤክሰናታይድ የተባለው የዚህ ወገን መድኃኒት በ62 የፓርኪንሰን በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጠ። በ2025 የታተመው፣ 194 ሰዎች የተካፈሉበትና 96 ሳምንት የፈጀው ትልቁ ሙከራ ግን ጥቅም አላሳየም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሴማግሉታይድ የተባለው ሌላው መድኃኒት የአልዛይመርን በሽታ ሂደት እንዳላዘገየ በሁለት ትላልቅ ሙከራዎች ታወቀ። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁለት ይልቅ ይረዝማል። በሳይንስ ይህ አሳፋሪ አይደለም፤ የሚያሳፍረው ከአይጥ የተገኘውን በራዲዮና በጋዜጣ እንደ ተረጋገጠ ፈውስ መናገር ነው።

ለጓያስ ምን ይበጃል? ማገድን ሕንድ ሞክራዋለች፤ በረሃብ ዘመን ሌላ የሌለውን ሰው አትብላ ማለት ሕግ ሳይሆን ፌዝ ነው። ፍሬውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ከመርዙ ብዙውን ክፍል ያስወጣል፤ ነገር ግን ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት፣ ድርቅም በገባበት አገር ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ እንስራውን ራሱ ተሸክሞ ቢያይ ይሻላል። ዘዴው ጥሩ የሚሆነው ውኃ ባለበት ቦታ ነው። መርዙ ያነሰ ዘር ማሻሻልም ቀጥሏል፤ ዋሴ የተባለው ዝርያ በ2006 ለገበሬው ተለቋል። የዘሩ መሻሻል ደግሞ ከአካባቢው ጋር የሚሟገት ነገር ነው፤ የጓያ መርዝ እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ መጠኑ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በደህና መሬት ጥቂት የነበረበት ዘር በከፋ ዓመት ከፍ ሊልበት ይችላል።

የቀረው ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ የተረሳው ነው፤ ይኸውም እህል ነው። ከደላንታው ጥናት አንዱ ርእሱ ራሱ ይህን ነበር የሚናገረው፤ በረሃብ ጊዜ ለጓያ በላተኛ የሚሰጠው የእርዳታ እህል ከማጥገብ ሌላ ነርቭ ይጠብቃል። ስለዚህ በዋልካው አገር ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያው ሲቀር፣ ማሳው አረንጓዴ ነውና ረሃብ የለም ብሎ መዝግቦ ማለፍ አደገኛ ነው። የጓያ ማሳ አረንጓዴነት በዚያ ዓመት የምሥራች ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። በሽታው ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ እርዳታውም መድረስ ያለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የይፋት ቆላ ድርሻ አለው። ደጋው የሚያመርተው ጥራጥሬ የጎደለውን ሰልፈር አዘል አሚኖ አሲድ የቆላው ማሽላ በከፊል ይሞላል፤ ማሽላው የሚጎድለውን ላይሲን ደግሞ ጥራጥሬው ይሞላል። በሮቢ ወንዝ መስኖ የሚለማው ሽንኩርት ከላይ ባየነው ወጥ ውስጥ የሚገባው ነው። የቆላና የደጋ ገበያ እህልና ጥራጥሬ ሲለዋወጥ የኖረው ስለ አሚኖ አሲድ አውቆ አይደለም፤ ቢሆንም ያ ልውውጥ ሲቋረጥ፣ መንገዱ ሲዘጋ ወይም የማሽላው ዋጋ ከደገኛው እጅ ሲርቅ፣ በላይ ያለው ሰው ከጓያው ጋር ብቻውን ይቀራል። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባልደረባ የገበያ ዋጋ መዝገብ መመልከት የግብርና ሠራተኛ ሥራ ነው ብሎ ቢተወው፣ የሚያየው የመጨረሻውን ገጽ፣ ምርኩዙን ብቻ ነው።

ምርኩዝ ለያዙትማ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም። ዶክተሮቻችን በ1997 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ሙከራ፣ ቶልፐሪዞን የተባለው መድኃኒት የባታቸውን መወጠር አላልቶ አካሄዳቸውን እንዳቀለለላቸው አሳይተዋል፤ የሞተውን ሕዋስ ግን አይመልስም። በ1997 ዐሥር ዓመት የነበረው የደላንታ ልጅ ዛሬ ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ነው።